ከሰዓት ይልቅ ገጹን፦ የሜይንፍሬም ተርሚናልን በስክሪፕት ስለማሠራት

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ያስተዋወቀውን 3270 ተርሚናል ዛሬ በአብዛኛው የሚተካው በግል ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ጠባዩ ግን አልተለወጠም። ተጠቃሚው 24 መስመርና 80 ዓምድ ባለው ገጽ ላይ መስኮቹን ሲሞላ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወደ ዋናው ማሽን አይሄዱም። ኢንተርን ወይም ከተግባር ቁልፎች አንዱን ሲጫን የተነኩት መስኮች በአንድነት ይላካሉ፤ መልስ እስኪመጣም የቁልፍ ሰሌዳው ይቆለፋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚሁ ጠባይ ይነሣል፦ ስክሪፕት ሊጠብቅ የሚገባው የገጹን ሁኔታ ነው፤ ሰዓትን አይደለም።

ብዙ ስክሪፕቶች ኢንተርን ልከው ሁለት ሰከንድ ቆጥረው ይቀጥላሉ። ማሽኑ ሥራ በበዛበት ቀን ይህ ግምት ይፈርሳል። በትእዛዝ ብቻ የሚነዳው የተርሚናል ፕሮግራም ኤስ3270 ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ የሁኔታ መስመር ይመልሳል፤ የመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል የቁልፍ ሰሌዳው ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ይናገራል። እሱን ማንበብ ግዴታ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። የሜይንፍሬሙ የትእዛዝ መስጫ ሥርዓት ወደሆነው ቲኤስኦ የገባ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከዋናው ማውጫ በፊት የማስታወቂያ መልእክት መጥቶ ከሥሩ ሦስት ኮከብ ተደርጎበት ሊቆም ይችላል። ሰሌዳው ክፍት ነው፤ ስክሪፕቱ ግን ባሰበው ገጽ ላይ አይደለም። ስለዚህ አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት የገጹን ርእስ ከታወቀው ቦታ አንብቦ ያመሳክር፤ ካልገጠመለት ይቁም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገጹ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። በገንዘብ መስኩ ውስጥ 12500 ሰፍሯል እንበል። ስክሪፕቱ ጠቋሚውን መስኩ መጀመሪያ ላይ አድርጎ 900 ይጽፋል። ተርሚናሉ በተለመደው አሠራሩ አዲሱን ፊደል በአሮጌው ላይ ይተካል እንጂ የተረፈውን አይጠርግም። ሦስቱ አሃዞች ሲተኩ የኋላዎቹ ሁለት ዜሮዎች ባሉበት ይቀራሉ፤ የሚላከውም 90000 ይሆናል። ቁጥሩ ቁጥር ነውና ማሽኑ ላይቃወም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጻፍ በፊት መስኩን እስከ መጨረሻው የሚያጠፋውን ኢሬዝ ኢኦኤፍ መላክ፣ ከጻፉ በኋላም ኢንተር ሳይጫኑ መስኩን መልሶ ማንበብ።

በእኔ አመለካከት ገጽን በስክሪፕት መንዳት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሥራው የሜይንፍሬሙ የማውጫና የማረሚያ ሥርዓት በሆነው አይኤስፒኤፍ ውስጥ ፋይል ማረም ከሆነ በሬክስ ቋንቋ የተጻፈ የኤዲት ማክሮ ገጹን ሳይነካ ይጨርሰዋል፤ የገጹ አቀማመጥ ቢለወጥም አይሰናከልም። ሌላ መግቢያ ለሌለው የቆየ መተግበሪያ ግን ስክሪፕቱ አስፈላጊ ነው። እሱን የምትጽፉ ባልደረቦች ሆይ፣ የይለፍ ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ከእያንዳንዱ ኢንተር በፊት የነበረውን ገጽ ግን መዝግቡ። ያ 90000 ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልስ የሚገኘው ከዚያ መዝገብ ነው።