የመዳን እርግጠኝነት

የመዳን እርግጠኝነት (የመዳን ዋስትናም ይባላል) አንድ ክርስቲያን ኃጢአቱ በክርስቶስ ደም እንደተሰረየለትና ከሚመጣው የእግዚአብሔር ቁጣ እንደዳነ በሕይወት ሳለ የሚኖረው ጽኑ መታመን ነው። ዋና መሠረቶቹ ሮሜ 5፥9፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 1፥10 እና 1ኛ ዮሐንስ 5፥13 ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ካልቪን እርግጠኝነትን ከእምነት ጋር አስተሳሰሩ፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1547 ያለ ልዩ መገለጥ ማንም ስለ ራሱ መዳን በማይሳሳት እርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችል ደነገገ። የካልቪናውያኑ የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ ምዕራፍ 18 እውነተኛ አማኝም እርግጠኝነትን ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሊታገል፣ ካገኘም በኋላ ሊናወጥ እንደሚችል ይገልጻል። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1738 ምሽት በለንደን አልደርስጌት ጎዳና፣ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ልቡ እንደሞቀና ኃጢአቱ እንደተወገደለት እንደተረዳ በዕለት ማስታወሻው መዝግቧል። ካልቪናውያን የዳነ ሰው እስከ ፍጻሜ ይጸናል ሲሉ፣ ዌስሊ ግን የዳነ ሰው ከጸጋ ሊወድቅ እንደሚችል አስተምሯል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መዳን በእምነት፣ በምሥጢራትና በምግባር እስከ ሕይወት ፍጻሜ የሚጸኑበት መሆኑን ታስተምራለች።