ስም የሌለው ሶኬት ከየት መጣ?

ባለፈው ዓመት ከስግድ በዓል በኋላ አንዲት እናት ሬዲዮናቸውን በሻሽ ጠቅልለው ወደ ማኅበራችን ክፍል ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ድምፁስ አለ፤ ጣቢያ ግን አልቀይር አለኝ። አማርኛውን ካልሰማሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አሉን። ሱቅ ወስደውት «አዲስ ይግዙ» ተብለው ተመልሰዋል። እሳቸው ግን አዲስ አይፈልጉም፤ ሬዲዮውን የገዙላቸው ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ነው።

ስንከፍተው ችግሩ ወዲያው ታየን። ቁልፎቹ ያሉበትን ትንሽ ቦርድ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኙት አሥር ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። የሽቦዎቹ መሰኪያ ደኅና ነው፤ ዋናው ቦርድ ላይ ያለው ነጭ የፕላስቲክ ሶኬት ግን ተሰንጥቋል፣ ሁለት እግሮቹም ተሰብረዋል። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና የማይበልጥ ዕቃ ነው እኮ! ምን ዋጋ አለው፣ ስም የለውም። ቁጥርም ሆነ የፋብሪካ ምልክት አልተጻፈበትም። በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን አየነው፤ ምንም።

ታዲያ ምን አደረግን? ከሳጥናችን ውስጥ የሚመስለውን አንስተን ሞከርን። እሱም ነጭ ነው፣ እሱም አሥር እግር አለው። የመጀመሪያዎቹ እግሮች ቀዳዳቸው ውስጥ ገቡ፤ ወደ መጨረሻ ስንደርስ ግን እግሮቹ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ተጋጩ። አንዳችን በአውራ ጣቱ ሊጫነው ሲል ሌላው እጁን ያዘው። ቢጫነው ኖሮ ቦርዱ ላይ የተለጠፈው የመዳብ መስመር ተነስቶ ሬዲዮው እስከ መጨረሻው በተበላሸ ነበር።

«ይመስላል» ብሎ ስም መስጠት ለእኛ ከተማ ልጆች አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። አሜሪካዊው አርኪዎሎጂስት አልብራይት በ1920ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እዚህ አጠገባችን ያለው ጉብታ የጎልያድ ከተማ፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጌት» የምትባለው፣ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተማችን ስትመሠረት ቂርያት ጋት የተባለችው በዚሁ ግምት ነው። ከ1956 ጀምሮ ጉብታው ሲቆፈር ግን ፍልስጥኤማውያን የኖሩባት ትልቅ ከተማ እዚያ አልተገኘችም። ዛሬ ቦታው ቴል ኤራኒ ይባላል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ጌት የሚሉት ከእኛ ወደ ሰሜን ያለውን ቴል ጻፊትን ነው፤ እዚያ ከ1996 ጀምሮ በሰፊው ተቆፍሯል። የእኛ ከተማ ስም ግን እንደተለጠፈ ቀረ።

በሶኬት ዓለምም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ባለ አራት እግር የኃይል መሰኪያ ሁሉም ሰው «ሞሌክስ» ይለዋል፤ በገበያ የሚታወቀው መሰኪያ ግን ኤ.ኤም.ፒ የተባለው ሌላ ኩባንያ «ሜት-ኤን-ሎክ» ብሎ ያወጣው ነው። በተቃራኒው «ጄ.ኤስ.ቲ 1.25» እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ መሰኪያ ብዙ ጊዜ የሞሌክስ ቅርጽ ነው። ስሙን አምኖ የሚያዝ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይደርሰዋል። እኛንም ደርሶናል።

ስለዚህ ወደ ታሪኩ ሄድን። ድሮ ሬዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ይበየድ ነበር። ጳውል አይስለር የተባለ የቪየና አይሁዳዊ መሐንዲስ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰዶ፣ ለንደን ውስጥ በተከራየበት ክፍል የመዳብ መስመር እንደ ጽሑፍ የታተመበት ቦርድ ያለው ሬዲዮ ሠራ። ጦርነቱ ሲጀመር እንግሊዞች «የጠላት አገር ሰው» ብለው አሰሩት፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን የታተመ ቦርድ ዓለምን ሞላ። ቦርድ ሲበዛ ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር ማገናኘት ግድ ሆነ። የሶኬት ኩባንያዎች ሥራ የደራው ያኔ ነው። ሞሌክስ በ1938 ቺካጎ አቅራቢያ ሲጀምር የአበባ ማስቀመጫና የሰዓት ማቀፊያ ከፕላስቲክ ይሠራ ነበር። ኤ.ኤም.ፒ በ1941 ለአውሮፕላንና ለመርከብ ያለ ብየዳ ተጨምቆ የሚያዝ የሽቦ ጫፍ ይዞ ተነሳ። ጃፓናዊው ጄ.ኤስ.ቲ በ1957 ተመሠረተ፤ የስሙም ትርጉም «ያለ ብየዳ የሚሠራ የጃፓን የሽቦ ጫፍ» እንደማለት ነው።

ለእኛ ሬዲዮ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ የሚለኩት በኢንች ነው። በ1959 አሜሪካና እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች አንድ ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር እንዲሆን ተስማሙ። በኢንች የሚሠሩት ሰዎች የእግሮቹን ርቀት የኢንች አንድ አሥረኛ ስላደረጉት 2.54 ሚሊሜትር ሆነ። በዚያው በ1959 ደግሞ ጃፓን የድሮ መለኪያዋን ትታ ንግዷን በሜትር አደረገች። የጃፓን መሐንዲስ 2.54 የሚባል ቁጥር ለምን ይሸከማል? ክብ ቁጥር ወሰደ፤ የጄ.ኤስ.ቲ «ኤክስ ኤች» የሚባለው ዓይነት 2.5 ሚሊሜትር ነው።

የ0.04 ሚሊሜትር ልዩነት በዓይን አይታይም። በሁለት እግር ሶኬት ላይ ችግርም አያመጣ ይሆናል። በአሥር እግር ላይ ግን በእግሮቹ መካከል ዘጠኝ ክፍተት አለ፤ ዘጠኝ ጊዜ ሲደመር 0.36 ሚሊሜትር ይሆናል። የመጨረሻው እግር ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር የተጋጨው ለዚህ ነው። (እዚሁ ከተማችን ያለው የኢንቴል ፋብሪካ በ2008 በ45 ናኖሜትር ቴክኖሎጂ ሥራ ሲጀምር፣ እኛ የምንጣላበት 0.04 ሚሊሜትር ለእነሱ 40,000 ናኖሜትር ነው። ይህን ስንሰማ ትንሽ አፈርን።)

ስለዚህ አለካኩ እንዲህ ነው፦ አንዱን ክፍተት ብቻ አትለኩ፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ካሊፐርም ያታልላል። ከመጀመሪያው እግር መሐል እስከ መጨረሻው እግር መሐል ለኩና ከእግሮቹ ቁጥር አንድ ቀንሳችሁ አካፍሉ። የእኛ 22.5 ወጣ፤ ለዘጠኝ ሲካፈል 2.5። ኢንች ቢሆን ኖሮ 22.86 በወጣ ነበር። ያ ስም የሌለው ሶኬት አገሩን ነገረን ማለት ነው። ቀጥሎ ቅርጹን አየን። የሞሌክስ «ኬ ኬ» ከእግሮቹ ጀርባ አንድ ቀጥ ያለ ምላስ አለው፤ ዙሪያው ክፍት ነው። የእኛው ግን በግድግዳ የታጠረ ነው፣ በአንዱ ጎን የመሰኪያው ጥርስ የሚገባበት ጎድጎድ አለው። «ኤክስ ኤች» ሆነ።

ይህን ስናደርግ አንድ አባት ወንበር ስበው ይመለከቱን ነበር። ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ቤተ እስራኤል በዚያ አገር በብረት ሥራ፣ በሽመናና በሸክላ ይታወቁ እንደነበር ወላጆቻችን ያውቁታል። «እኛ ቁጥር አልነበረንም» አሉን። «ገበሬው እንጨቱን ይዞ ይመጣል፤ ማረሻውን እሱ ላይ እየሞከርን እንቀጠቅጣለን። ጠበቀ ስንል እንደገና እሳት።» መለኪያቸው ስንዝር፣ ክንድና ጋት ነበር። ጋት በአማርኛ የመዳፍ ስፋት መሆኑን አብዛኞቻችን ያን ቀን ነው የሰማነው፤ በዕብራይስጥ የወይን መጥመቂያ መሆኑን ግን ትምህርት ቤት ተምረናል። ያ ማረሻ ለአንድ ገበሬ እንጨት የተሠራ ስለሆነ ቁጥር አያስፈልገውም። የፋብሪካ ሶኬት የማንን ቦርድ እንደሚያገኝ አያውቅም፤ ልኩን የሚያውቁት ደግሞ የፋብሪካው ወረቀትና ዕቃው ተጠቅልሎ የሚመጣበት ካርቶን ናቸው። ካርቶኑ ሲጣል ስሙም አብሮ ይጣላል።

ሶኬቱ እስኪመጣ ባትሪውንም አየን፤ አብጦ ነበር። እዚህ ላይ የምንናዘዘው ነገር አለን። ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ ጎረቤታችንን ድምፅ ማጉያ አቃጥለናል። የባትሪው መሰኪያ ባለ ሁለት እግር፣ 2.0 ሚሊሜትር፣ «ፒ ኤች» የሚባለው ነበር። ትክክለኛውን አገኘን፣ ገጠምን፣ ጠቅ ብሎ ገባ። ከዚያ ጭስ ሸተተን። ኩባንያው የሚወስነው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ የትኛው እግር ፖዘቲቭ እንደሚሆን አይደለም፤ ያንን እያንዳንዱ ባትሪ ሻጭ እንደፈለገ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ቀዩንም ሽቦ አናምንም። በመጀመሪያ በቴስተር እንለካለን። ለእኚህ እናት ሬዲዮ የመጣውም ባትሪ ሽቦው ተገላቢጦሽ ነበር፤ ሁለቱን ጫፎች በወረንጦ አውጥተን አቀያየርናቸው።

አዲሱ ሶኬት ሳይጫኑት ገባ። አሥሩን እግር በካውያ በየድን፣ አንድ በአንድ በቴስተር ፈተሽን። እናታችን መጡና የጣቢያውን ቁልፍ ራሳቸው ይዘው ቆዩ፤ በዕብራይስጥ፣ በሩስኛ፣ በሙዚቃ አልፎ አማርኛው ሲመጣ እጃቸውን አነሱ። «እሰይ የኔ ልጆች» ብለው ሬዲዮውን መልሰው በሻሹ ጠቀለሉት፤ ማጥፋቱን ስለረሱት ከሻሹ ውስጥ እየተናገረ ሄደ።

ክዳኑን ከመዝጋታችን በፊት ቦርዱ ላይ፣ ከሶኬቱ አጠገብ፣ በቀጭን ማርከር «ኤክስ ኤች፣ 10 እግር፣ 2.5» ብለን ጽፈናል። ሬዲዮው ሌላ ቀን ሌላ ጠጋኝ እጅ ቢገባ፣ አማርኛ የሚያነብ ከሆነ፣ ካሊፐር አያስፈልገውም።