ደረስጌ ላይ የተጫነው ዘውድ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ የሰሜን ተራሮች ብርድ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜም ተሻግሮ ወደ አድዋና ወደ ምጽዋ ያመራል። መኪና ከመምጣቱ በፊት ይህ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ቡናውን፣ ዝባዱን፣ ሰሙንና የዝሆን ጥርሱን በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ባሕር የሚያወርዱት፣ ጨርቃ ጨርቁን ይዘው የሚመለሱት፣ በየኬላው ቀረጥ የሚገፈፉት ብዙዎቹ ሙስሊሞች፣ በጊዜው አጠራር ጀበርቲዎች ነበሩ።

ከደባርቅ ተራራውን ተሻግሮ ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ማለትም በ1271 ዓመተ ሒጅራ፣ የቋራው ካሣ ኃይሉ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብሎ የነገሠው እዚያ ነው። «የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንግሥ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያ ዘውድ ግን በቤተ ክርስቲያኗ አጸድ ውስጥ አልቀረም። በዚያ መንገድ የሚመላለሱትን አያቶቻችንንም አግኝቷቸዋል።

ለመሆኑ ሰውየው እንዴት እዚያ ደረሰ? ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ሲሞቱ እናቱ ተቸግረው ነበርና ኋላ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር። ልጅ ሳለ ገዳም ገብቶ ተማረ፤ ካደገም በኋላ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ። ከዘረፈው ለገበሬው ያካፍል ነበር ይባላል። ጎንደርን የሚገዙት ራስ ዓሊ በኃይል እንደማይበግሩት ሲያዩ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ራስ ዓሊ ራሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም ዘራቸው ከየጁ ሙስሊሞች የሚመዘዝ ነበርና፣ ባላንጣዎቻቸው ይህንን እያነሱ ይወቅሷቸው ነበር።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ዘልቆ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመና ተሸነፈ። (ይህ ደባርቂ የኛ ደባርቅ አይደለም፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ እንዳታምታቱት።) ድሉን ሁሉ ከምናነሳለት ይልቅ ይህንን ሽንፈቱን ብናጤን ይሻላል። የመድፍንና የሠለጠነ ሠራዊትን ነገር የተማረው እዚያ ነውና። ከዚያ በኋላ በ1845 ዓ.ም. የጎጃሙን ደጃች ጎሹን ጉራምባ ላይ፣ በዚያው ዓመት ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አደረገ። የቀሩት የሰሜንና የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ ብቻ ነበሩ።

ውቤ ለመንገሥ ያልተዘጋጁት ነገር አልነበረም። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ አስመጥተዋል፤ ከምጽዋ ጠመንጃ አስገብተዋል፤ ደረስጌ ማርያምን አሠርተዋል። በዚያ የካቲት ግን ደረስጌ ላይ ተሸንፈው ተያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ እሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ እሳቸው ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ ዘውዱን የደፋው ካሣ ሆነ። ድግሱን የደገሰው ሌላ፣ የበላው ሌላ! ሰማንያ ስድስት ዓመት የቆየው ዘመነ መሳፍንትም በዚሁ አበቃ።

እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛ አገር ብቻ አልታየም። በቻይና ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ከመወለዳቸው 221 ዓመት በፊት ቺን ሺ ኋንግ የተባለ ንጉሥ እርስ በርስ የሚዋጉትን መንግሥታት አንድ በአንድ ውጦ የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ሚዛኑን፣ ጽሕፈቱን፣ የጋሪውን ጎማ ስፋት ሳይቀር አንድ አደረገ። ቀጥሎም የሰውን ሐሳብ አንድ ላድርግ ብሎ መጻሕፍት አስቃጠለ። እሱ በሞተ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሥርወ መንግሥቱ ፈረሰ፤ ያዋሐደው አገር ግን ለተከታዮቹ ተረፈ። ሚዛንን አንድ ማድረግና ልብን አንድ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ልብ በሉ።

አፄ ቴዎድሮስም መጀመሪያ የያዙት የሚዛኑን ዓይነት ሥራ ነበር። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ። ወታደር ባላገሩን ከመዝረፍ ይልቅ በደመወዝ እንዲኖር አሰቡ፤ መንገድ አስጠረጉ። ሽፍታና የኬላ ጠባቂ እየተፈራረቁ ለሚገፉት የሲራራ ነጋዴ ይህ አዋጅ ምን ያህል እፎይታ እንደነበር መገመት አያቅትም። ሐቁን ሳንነፍጋቸው ይህንን ልንመሰክርላቸው ይገባል።

ሆኖም ያንኑ መንገዱ የተከፈተለትን ነጋዴ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አዘዙት። በጎንደር ሙስሊሞች በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተደርገው ነበር። አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር የነሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ግን መለየቱም አልበቃቸውም፤ ክርስትና ተነሱ አሏቸው። ወሎ ላይ የሆነውማ የባሰ ነው፤ ዓመት በዓመት ዘመቱበት፣ የምርኮኛ እጅና እግር አስቆረጡ። በ1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሲደርሱ፣ ንጉሡ በእጃቸው ታስሮ የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ አስገደሉት። እንግዳ የተቀበለች እናት ዋጋዋ ይህ ሆነ።

ጭካኔው ግን ለሙስሊም ብቻ የተቀመጠ አልነበረም፤ ይህንን ብንሸሽግ ፍርዳችን ይጎድላል። ከካህናቱ ጋር በመሬት ተጣልተዋል፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጥለዋል፤ መጻሕፍቱንም ወደ መቅደላ አስግዘዋል። በመጨረሻ ሰባት ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ሲገቡ አብሯቸው የቀረው አገር አነስተኛ ነበር። የናፒየር የእንግሊዝ ጦር ሲመጣም ወይዘሮ ወርቂትና ሌላዋ የወሎ ገዥ ወይዘሮ መስተዋት የመቅደላን መውጫ ዘግተው ጠበቁ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ከሚሰጡ ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ጀግንነቱን ማንም አይክድም። ከጎንደር የተሰበሰበውን መጽሐፍ ግን ጠላት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወሰደው፤ 350 ያህሉ የብራና መጻሕፍት የእንግሊዝ ሙዚየም ገቡ።

ከእሳቸው የቀረልን ውርስ ታዲያ ሁለት ፊት አለው። አንዱ፣ አገር አንድ ትሁን የሚለው ሐሳብ ነው፤ ተከታዮቻቸው ሁሉ ከዚያ ወደኋላ አልተመለሱም። ሁለተኛው፣ አንድነት ማለት አንድ ሃይማኖት ነው የሚለው ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ያዘዙት ይህንኑ ተከትለው ነው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያን ጊዜ ነበር። ስንቱ ቤተሰብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ እንደኖረ፣ ስንቱስ አገሩን ጥሎ እንደተሰደደ ከወሎ ሽማግሌዎች አፍ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

ደረስጌ ላይ ዘውዱ ከተጫነ ከ119 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች በእኩልነት ለመታየት፣ በዓሎቻቸውም የአገር በዓል እንዲሆኑ ለመጠየቅ አደባባይ ወጡ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ዘውዱ ወደቀ። ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የታወቁት በ1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ የሚያዝያ ሰልፍ ላይ ከሙስሊሙ ጎን ተሰልፈው የሄዱ ክርስቲያኖችም ነበሩ።