የማስታወሻ ግልባጭና የራስ ሐሳብ፦ ከፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ የፍልስፍና ትምህርት ታሪክ



ንግግሬን በአንድ ጥፋቴ እጀምራለሁ። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ስለ ቃል መጠበቅ የሚጻፍ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አንዲት ተማሪ፣ አያቷ ለሞተች ጎረቤታቸው የገቡትን ቃል ለምን እንደጠበቁ ሁለት ገጽ ጽፋ አመጣች። ቃሉን የተቀበለችው ሰው በሌለችበት ቃሉ ማንን ያስራል ስትልም ጠየቀች። ከሰጠሁት ማስታወሻ አንድም ነገር ስላልጠቀሰች ከ20 8 ሰጠኋት። ማስታወሻዬን እንዳለ የመለሰልኝ ተማሪ ግን 17 አገኘ። ልጅቱ ወረቀቷን ሳትወስድ ቀረች፤ ዛሬም በእኔ ዘንድ አለ።

ያን ወረቀት ደግሜ እንዳነበው ያስገደደኝ የፈረንሳይ ሊሴዎች ታሪክ ነው። በዚያ አገር ባካሎሬያ የተባለው ፈተና በናፖሊዮን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1808 ሲቋቋም፣ ፍልስፍና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መደምደሚያ ሆነ። ይሁን እንጂ ተማሪው በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የራሱን ሐሳብ እንዲጽፍ እምብዛም አይጠየቅም ነበር። ዋነኛ ሥራው በክፍል የሰማውን ትምህርት ቤቱ ገብቶ በንጹሕ ወረቀት አሳምሮ መገልበጥ ነበር። ይህን ሥርዓት ያጠናከረው ቪክቶር ኩዘን ነው። ኩዘን የ1832ቱን የፍልስፍና መርሐ ትምህርት የቀረጸ፣ መምህራንን የሚመርጠውን የፈተና ጉባኤ የመራ፣ በ1840ም የትምህርት ሚኒስትር የሆነ ሰው ነው። ፍልስፍናን በሊሴ ውስጥ ተከላከለላት፤ ነገር ግን ምን እንደምትል ራሱ ወስኖ ነው።

በታኅሣሥ 1851 ሉዊ ናፖሊዮን በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣኑን ካጠናከረ በኋላ፣ ሚኒስትሩ ፎርቱል በ1852 የፍልስፍናን ክፍል ሽሮ በምትኩ ሎጂክን አስገባ። እኔ የሎጂክ መምህር ነኝና ይህ ዓመት ደስ አያሰኘኝም። መንግሥቱ የማመዛዘን ሥርዓት መማሩን አልጠላም፤ የጠላው ሥርዓቱ የሚውልባቸውን ጥያቄዎች ነው። ፍልስፍናን በ1863 ወደ ቦታዋ የመለሳት ቪክቶር ዱሩዊ ነው። በዚያው በ1860ዎቹ ውስጥም የፍልስፍና ድርሰት በጽሑፍ የሚቀርብ የባካሎሬያ ፈተና ሆነ።

ለውጡ ቀላል አልነበረም። የትምህርቱን ቃል በንጹሕ ወረቀት ይገለብጥ የነበረው ወጣት፣ ከእንግዲህ ጥያቄ ቀርቦለት ብቻውን ማሰብ ግድ ሆነበት። ዛሬም የሊሴ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አራት ሰዓት ተሰጥቶት፣ ከሁለት ጥያቄዎች በአንዱ ላይ ድርሰት ይጽፋል፤ ወይም የአንድ ፈላስፋን ጽሑፍ ያብራራል። ነገር ግን ድርሰቱም በጊዜ ብዛት መልክ አወጣ፤ መግቢያ፣ አዎንታ፣ አሉታ፣ ማስታረቂያ የሚል ቅርጽ ያዘ። ቅርጹን ያወቀ ተማሪ ሳያስብ ያሰበ መምሰል ቻለ። እንግዲህ መገልበጥ አልጠፋም፤ ቀድሞ ይገለበጥ የነበረው ቃል ነበር፣ አሁን የሚገለበጠው ቅርጽ ሆነ። ሚኒስትሩ ዴ ሞንዚ በመስከረም 1925 ያወጡት መመሪያ የመምህሩን ነጻነትና የተማሪውን የማሰላሰል ልምድ የትምህርቱ ዓላማ ማድረጉም ከዚሁ ሥጋት ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት በፓሪስ ሄንሪ አራተኛ ሊሴ ውስጥ ሌላ መንገድ ይሞከር ነበር። አላን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ኤሚል ሻርትዬ፣ ከባካሎሬያ በኋላ በሚገባበት የዝግጅት ክፍል የሚማሩ ተማሪዎቹን በወደዱት ርእስ፣ በወደዱት ጊዜ እንዲጽፉለት ይጋብዝ ነበር። ጽሑፎቹ «ቶፖስ» ይባሉ ነበር፤ እርሱም አስተያየቱን ጽፎ ይመልስላቸዋል። ሲሞን ቬይ በ16 ዓመቷ ከጻፈችለት አንዱ ስለ ግሪም ወንድማማቾች የስድስቱ ዝዬዎች ተረት ነው። እኅት ወንድሞቿን ከአስማት ለማዳን ስድስት ዓመት ሳትናገር ከአበባ ሸሚዝ ትሰፋለች። ወጣቷ ከዚህ ተነሥታ፣ ከድርጊት መታቀብ ራሱ ኃይል ሊሆን እንደሚችል መረመረች። በየትኛውም የመልስ ቁልፍ ውስጥ የማይገኝ ሐሳብ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎቹን ለዚሁ ባካሎሬያ ያዘጋጃል። ከዚያም በፊት የቅኔ ቤት ነበረን። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርማል። ምሥጢሩን ከመጻሕፍት ቢያመጣውም ቅኔው የራሱ መሆን አለበት። በዚህ መካከል ከ20 የሚሰጥ ነጥብ የለም፤ ተማሪውን ወደፊት የሚገፋው እርማቱ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ልማዶች የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያለ ነጥብ፣ በዳር ላይ ጥያቄ ብቻ ጽፌ እመልሳለሁ፤ ነጥብ የምሰጠው ተማሪው አስቦበት ደግሞ ለጻፈው ነው። በተጨናነቀ ክፍል ይህ አድካሚ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁልጊዜም አይሳካልኝም። ይሁን እንጂ የራስህን ሐሳብ ጻፍ ብሎ አዝዞ፣ የእኔን ሐሳብ ለምን አልጻፍክም ብሎ መቅጣት ከመምህር የማይጠበቅ ቃል ማጠፍ ነው። ያቺ ተማሪ የጠየቀችው ስለዚሁ ነበር፤ እኔ ግን 8 ብዬ አለፍኩት።