መሐላ በገበያ፣ መሐላ በትምህርት ቤት
(በሬዲዮ ለጎልማሶች ትምህርት ከቀረበ ንግግር)

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መሐላና ስለ ትምህርት ቤት ነው። ወጉ የሚጀምረው ግን ከገበያ ነው።

ያደግሁት አራዳ፣ አትክልት ተራ አጠገብ ነው። እናቴ እዚያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ስሙ ግን ከሰፈሩ አልወጣም። በልጅነቴ በአንድ በኩል የጊዮርጊስ ደወል፣ በሌላ በኩል የበኒ መስጊድ አዛን ይሰማኝ ነበር።

እናቴ በዋጋ ስትከራከር «እመብርሃንን! በዚህስ አላተርፍም» ትላለች። ከጎኗ ቲማቲም የሚሸጡት ሽማግሌ ደግሞ «ወላሂ፣ ከገዛሁበት በታች ነው» ይላሉ። ሁለቱም ይምላሉ። ሁለቱም በየእምነታቸው ነው። ገዢው ካመነ ይገዛል፤ ካላመነ ትቶ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን «በእኔ እምነት ማልልኝ» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

እስቲ አሁን ከገበያው ወደ ትምህርት ቤት እንግባ። የእናቴም የሽማግሌውም ልጆች በአንድ ግቢ ይሰለፋሉ። ባንዲራ ይሰቀላል። ታዲያ ምን ብለው ይዘምሩ? በማን ስም ይማሉ? ይኸ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ድሮ ትምህርት ቤት ማለት የቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። የሙስሊሙም ልጅ ቁርአን ቤት ይቀራል። ንባብና ሃይማኖት አይለያዩም ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይኸውም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ካህናቱ ግን ሰጉ። «የፈረንጅ ትምህርት ልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጣል» አሉ። ንጉሡም መላ ፈለጉ። መምህራኑን ከግብፅ፣ ከኮፕት ክርስቲያኖች መካከል አስመጡ። የግብፅና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነታቸው አንድ ስለ ነበረ ካህናቱ ረገብ አሉ። አያችሁ? የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገና ሲከፈት የሃይማኖት ጥያቄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምህርት ቤት በዛ። ተማሪ ጠዋት ተሰልፎ አገሩንና ንጉሡን የሚያወድስ መዝሙር ይዘምራል። በባንዲራው ላይ ዘውድ የጫነ፣ መስቀል የያዘ አንበሳ ነበረ። ግብረ ገብ የሚባል ትምህርትም ይሰጥ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ይላል። ያው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በእምነቱ ሥርዓት እንዳይከለከልም ይደነግጋል። «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለው አባባልም ንጉሡ የተናገሩት ነው ተብሎ በሰፊው ይወራል። አባባሉ ያማረ ነው። ነገር ግን የሙስሊሙ ልጅ ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ የሚያየው ባንዲራ መስቀል ነበረበት።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሙስሊሞች በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። እኩልነት ጠየቁ። በዓሎቻችን ይከበሩልን አሉ። አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። በዚያው ዓመት አብዮት ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የሙስሊሞችን በዓላት የሕዝብ በዓል አደረገ። በአንበሳው ላይ የነበሩት ዘውድና መስቀልም ተነሡ። ለብዙ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ግን ወጉ በዚህ አላበቃም። መስቀሉ በወጣበት በር መፈክር ገባ። በግብረ ገብ ፋንታ የፖለቲካ ትምህርት መጣ። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያላነሣ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ጀመር። መፈክር አናሰማም ያሉ የወንጌላውያን አማኞች ታስረዋል፤ ተደብድበዋል። «ከሁሉ በላይ እግዚአብሔር ነው እንጂ አብዮት አይደለም» ማለት ወንጀል ሆነ። መሐላው ተለወጠ እንጂ ማስገደዱ አልቀረም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሌላ መዝሙር መጣ። ግጥሙ የደረጀ መላኩ መንገሻ፣ ዜማው የሰሎሞን ሉሉ ነው። እንግዲህ በ1960 ዓ.ም. ተማሪ የነበረ ሰው በዕድሜው ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ሰምቷል ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል።

ታዲያ ክርክሩ አበቃ? አላበቃም። በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በአዲስ አበባ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ባንዲራና መዝሙር ጠብ አስነሣ። አንዱ ወገን «በቋንቋዬ ስማር መዝሙሬም መብቴ ነው» አለ። ሌላው «በከተማችን ትምህርት ቤት አይገባም» አለ። የተጎዱ ልጆች ነበሩ፤ የታሰሩም ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ከክፍል ተከለከሉ። ጉዳዩ እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። በሰልፍ ላይ አይዘምርም። አፉን ገጥሞ ይቆማል። እኔም አገሩን የናቀ መሰለኝ። ከሰልፍ አውጥቼ በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። በማግስቱ እናቱ መጣች። እሷም እንደ እናቴ የጉልት ነጋዴ ናት። አልጮኸችም። «መምህር፣ ልጄ አገሩን ጠልቶ አይደለም። በእምነታችን ለባንዲራ አይዘመርም። ቆሞ ያክብር፤ ግን አያስገድዱብኝ» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አይዘምርም። እኔም ተውሁት።

በኋላ ሳነብ ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካም እንደ ነበረ አየሁ። በዚያ አገር ተማሪዎች ለባንዲራ ቃል ይገባሉ። የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች ግን አንልም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። በ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደባቸው። በ1943 ግን ያው ፍርድ ቤት ፍርዱን ገልብጦ ማንም ልጅ አይገደድ አለ። ያን ጊዜ አገሪቱ በትልቅ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ሆኖም ልጆቹ ዝም በማለታቸው አገሪቱ አልፈረሰችም።

ይህን የማይቀበል የሥራ ባልደረባ አለኝ። «ሁሉም የወደደውን ካደረገ ልጆቹን ምን አንድ ያደርጋቸዋል?» ይለኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔም መዝሙሩ ይቅር አልልም። በየጠዋቱ ከልጆቹ ጋር እዘምራለሁ፤ ደስ ይለኛል። የምለው ሌላ ነው። ልጅ አገሩን የሚወደው አገሩ ስታከብረው ነው። በግድ የወጣ መሐላ ከከንፈር አያልፍም።

እናቴና ሽማግሌው ጎረቤቷ በየእምነታቸው ይምሉ ነበር፤ አንዱ ሲታመም ግን የሌላውን ዕቃ የሚጠብቀው ያው ጎረቤት ነበር። ልጆቻችንም እንዲህ ተከባብረው በአንድ ግቢ ይማሩ እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

አዲስ ቃላት
ሕገ መንግሥት፦ አገር የሚተዳደርበት ከሁሉ የበላይ የሆነ ሕግ።
አንቀጽ፦ የሕግ ክፍል፤ በቁጥር ይጠራል።
መፈክር፦ በሰልፍ ላይ በአንድነት የሚሰማ አጭር ቃል።

ተወያዩበት
1. ካህናቱ በ1900 ዓ.ም. ስለ ምን ሰጉ?
2. መምህሩ ልጁን ማንበርከኩ ስለ ምን ጥፋት ሆነ?
3. ልጆቻችሁ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ጠዋት ምን ይደረጋል? ልጆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።