ከቤተልሔም እስከ አማኑኤል

እንግሊዞች ጫጫታና ትርምስ የነገሠበትን ቦታ «ቤድላም» ይሉታል። ቃሉ «ቤተልሔም» በለንደን ሰው አፍ ሲኮላተፍ የወጣ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1247 የተመሠረተው የቅድስት ማርያም ዘቤተልሔም ገዳም ኋላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆነ። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማው ሰው እየሄደ ሕሙማኑን እንደ ትርኢት ያይ ነበር፤ ነውረኛ መዝናኛ!

አዲስ አበባም ከዚህ የራቀች አይደለችም። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ፣ በመርካቶ አካባቢ ያለው የአእምሮ ሆስፒታል የሚጠራው በአማኑኤል ስም ነው። ታዲያ በከተማው ጨዋታ «አማኑኤል ውሰዱት!» ማለት «አብዷል» ማለት ሆኖ ቀረ። የተቀደሰው ስም እዚህም እዚያም መሳለቂያ ሆነ።

ስሙ ቢቀለድበትም ሙያው ግን ቀልድ አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን ተጀመረ። ከዚያ በፊት ሙያውን የፈለገ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት።