ርስት የሌለው ጎረቤት

«ርስት» የሚለውን ቃል ከናቡቴ ታሪክ ታውቁታላችሁ። በላስታ ግን የቅርብ ዘመን ነገር ነው፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በእናት ወይም በአባት በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስመሰከረ ድርሻ ያገኛል፤ ያላስመሰከረ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ይቀልሳል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው አንጥረኛና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ይገለሉ ነበር። (እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ ግን የእሷ ሥራ ነው!)

በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ። የመኖሪያ ጥያቄ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በአሜሪካ ጥቁሮች ቤት እንዳይከለከሉ የሚደነግገው ሕግ የተፈረመው ሚያዝያ 3 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ።

በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 31 ራሱ ሊያርስ የፈቀደ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። አቅኚ አባትን መቁጠር ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 በከተማ ትርፍ ቤት ተወረሰ።

ስድቡን ግን አዋጁ አልሻረውም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ መሬት ካገኘም በኋላ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልክ የሚጠየቀው ዘሩን ነበር።